ያገለገሉ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋጋ መውረድና ገዢው ሊመረምራቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ የመኪና ገበያ ከታዩት ዐበይት ለውጦች አንዱ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋጋ በፍጥነት ማሽቆልቆሉ ነው። የዋጋው መውረድ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ አዲስ ሳሉ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጡ በነበሩት፣ ከፍተኛ ጉልበትና ፍጥነት ባላቸው መኪኖች ላይ ነው። የባለጸጎች መለያ ሆነው የቆዩት እንደ ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌይድና ፖርሽ ታይካን ያሉ መኪኖች፣ ጥቂት ዓመታት አገልግለው ለገበያ ሲቀርቡ በደመወዝ የሚተዳደር ገዢ ጭምር ሊያስባቸው ወደሚችል ዋጋ እየወረዱ መጥተዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢያንም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚሁ ገበያ ውስጥ ይገዛሉ፤ ይሸጣሉ። በአገር ውስጥም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም ካስታወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ግዢ የግለሰቦችም ሆነ የመሥሪያ ቤቶች የዘወትር ጥያቄ ሆኗል። በመሆኑም የወረደው ምን እንደሆነና ያልወረደው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለገዢው ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። የወረደው የመኪናው መሸጫ ዋጋ ሲሆን፣ የባትሪው፣ የመለዋወጫውና የጥገናው ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም። የብዙ ገዢዎች ኪሳራ የሚጀምረውም ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ዋጋው ለምን ወረደ?

አይሲካርስ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ገበያ አጥኚ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ መኪኖች በአጠቃላይ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በአማካይ 46 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ዋጋቸውን ሲያጡ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚያጡት ግን ወደ 59 በመቶ ይጠጋል። የቴስላ ሞዴል ኤስ ቅናሽ ከዚህም አልፎ 65 በመቶ አካባቢ መድረሱ በዚሁ ጥናት ተመልክቷል።

ለዚህ ውድቀት ቀዳሚው ምክንያት የአዲስ መኪኖች ዋጋ መቀነሱ ነው። የቴስላ ኩባንያ 135 ሺህ 990 ዶላር ይሸጠው የነበረውን ሞዴል ኤስ ፕሌይድ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2023 ወደ 114 ሺህ 990 ዶላር፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ደግሞ ወደ 89 ሺህ 990 ዶላር አውርዶታል። ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የ46 ሺህ ዶላር ቅናሽ መደረጉ ነው። አዲሱ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ያገለገለውን በቀድሞው ዋጋ የሚገዛ ስለማይኖር፣ ቀድመው የገዙ ባለቤቶች መኪናቸው ምንም ሳይጎድልበት የንብረታቸው ግምት በአንድ ሌሊት ወርዶባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የአከራይ ድርጅቶች እርምጃ ነው። ኸርትዝ የተባለው ታዋቂ የመኪና አከራይ ድርጅት እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2021 አንድ መቶ ሺህ የቴስላ መኪኖችን ማዘዙን ካስታወቀ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024 ወደ 20 ሺህ የሚሆኑ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን ለመሸጥ ወስኗል። ድርጅቱ ለውሳኔው ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ በግጭት የተጎዱ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለማስጠገን የሚጠየቀው ወጪ ከፍተኛ መሆኑ ነበር። ይህ ብዛት ያለው መኪና በአንድ ጊዜ ገበያ ሲገባ ዋጋውን ይበልጥ ተጭኖታል።

ሦስተኛው የታክስ ማበረታቻ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ድረስ ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 7 ሺህ 500 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የተመረቱ መኪኖች በቀጥታ ግዢ የዚህ ቅናሽ ተጠቃሚ ባይሆኑም፣ በረጅም ጊዜ የኪራይ ውል ሲሰጡ ግን አከራዩ ቅናሹን ማግኘት ይችል ነበር። በዚህም የተነሳ በርካታ መኪኖች በሁለትና በሦስት ዓመት የኪራይ ውል የወጡ ሲሆን፣ ውላቸው ሲያበቃ ተመልሰው ወደ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ይገባሉ። ላገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይሰጥ የነበረው እስከ 4 ሺህ ዶላር የሚደርስ ቅናሽም በዚያው ዕለት ያበቃ ሲሆን፣ የመኪናው ዋጋ ከ25 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ይጠይቅ ስለነበር አብዛኞቹን ኃይለኛ መኪኖች ቀድሞውንም አይመለከታቸውም ነበር።

አራተኛው ምክንያት የቴክኖሎጂው ፈጣን እድገት ነው። እ.ኤ.አ በ2019 ለገበያ የቀረበው ፖርሽ ታይካን በትልቁ ባትሪው 93.4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን፣ በ2024 የቀረበው የተሻሻለው ሞዴል ግን 105 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ኃይል የሚሞላበት ፍጥነትም ከ270 ወደ 320 ኪሎ ዋት አድጓል። ገዢው ከእነዚህ ምክንያቶች መረዳት ያለበት አብዛኞቹ ከመኪናው ጉድለት የመነጩ አለመሆናቸውን ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ዋጋውን ያወረዱት ምክንያቶች ነገም ሊቀጥሉ ስለሚችሉ፣ መኪናውን በአትራፊነት እሸጠዋለሁ ብሎ መግዛት አያዋጣም።

የሚገዛው የባትሪው ቀሪ ዕድሜ ነው

ያገለገለ የነዳጅ መኪና ሲገዛ በቅድሚያ የሚታየው ሞተሩና የተጓዘው ኪሎ ሜትር ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ግን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት በመሆናቸው ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱና ዕድሜው የሚወሰነው ባትሪው ነው።

የሊቲየም ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው በተደጋጋሚ በመሞላቱና በማለቁ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምንም ሥራ ሳይሠራ በጊዜ ብዛት የሚደርስበት እርጅና ነው። ከፍተኛ ሙቀት፣ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ለቀናት ማቆም እንዲሁም ፈጣን መሙያን አዘውትሮ መጠቀም እርጅናውን ያፋጥኑታል። በሺዎች በሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ የባትሪ አቅም በአማካይ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ አማካይ ቁጥር በመሆኑ ግን ለአንድ የተወሰነ መኪና ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ሁለት በአንድ ዓመት የተመረቱና እኩል ኪሎ ሜትር የተጓዙ መኪኖች በአያያዛቸው ምክንያት የተለያየ የባትሪ አቅም ሊኖራቸው ይችላል።

ስለሆነም ገዢው ባትሪው ከመጀመሪያው አቅሙ ምን ያህል በመቶ እንደቀረው የሚያሳይ የምርመራ ውጤት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። በመኪናው መስታወት ላይ የሚነበበው ቀሪ ርቀት በቂ መረጃ አይደለም፤ ቁጥሩ በቅርብ ጊዜ በነበረው የአነዳድ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ በመሆኑ ቀስ ብሎ የነዳ ሻጭ ከፍ ያለ ርቀት ሊያሳይ ይችላል። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 83.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመንዳት የሚያውል ታይካን፣ የምርመራው ውጤት 90 በመቶ ከሆነ የሚሰጠው 75 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ገዢው በዋጋ ላይ ሲደራደርም ይህን ቁጥር ይዞ መሆን አለበት።

የኃይለኛ መኪና ባትሪ ሌላም ሸክም አለበት። በአምራቹ መግለጫ መሠረት ታይካን ተርቦ ኤስ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ የሚወስድበት 2.8 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህን ጉልበት ለማግኘት ባትሪው በቅጽበት ከፍተኛ ኤሌክትሪክ መልቀቅ አለበት፤ በዚህም ሙቀት ይፈጠራል። ባትሪው ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ክፍያው ሲያንስ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል። በመሆኑም ሙከራ ሲደረግ በሙሉ ክፍያ አጭር ርቀት መንዳት ብቻውን በቂ አይሆንም። ክፍያው ወደ 30 በመቶ ከወረደ በኋላም መንዳትና በፈጣን መሙያ ላይ በሚጠበቀው ፍጥነት መሙላቱን ማየት ተገቢ ነው።

ዋስትናው የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?

አምራቾች ለባትሪው ከመኪናው የተለየና የረዘመ ዋስትና ይሰጣሉ። የፖርሽ ታይካን የባትሪ ዋስትና ለስምንት ዓመት ወይም ለ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የቴስላ ሞዴል ኤስ ደግሞ ለስምንት ዓመት ወይም ለ240 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ከዓመቱና ከኪሎ ሜትሩ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ያበቃዋል። በሁለቱም የባትሪው አቅም በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ አምራቹ የመጠገን ወይም የመተካት ግዴታ አለበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የዋስትናው ዘመን የሚቆጠረው ሁለተኛው ገዢ ከገዛበት ቀን ሳይሆን መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ከጀመረበት ቀን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ በማርች 2020 ሥራ የጀመረ ታይካን ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም እንኳ የባትሪ ዋስትናው በማርች 2028 ያበቃል። ከዚህ ቀን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ የሚቀርብ መኪና ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀሪ ዋስትናው ሦስት ዓመት የሆነና ቀሪ ዋስትናው ሦስት ወር የሆነ መኪና በመልክ አንድ ቢሆኑም በዋጋ አንድ ሊሆኑ አይገባም። ዋስትናው ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ስለመጽናቱም ከአምራቹ በጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ርካሽ ግዢ፣ ውድ ጥገና

አዲስ ሳለ 185 ሺህ ዶላር የተሸጠ መኪና በ60 ሺህ ዶላር ቢገዛም፣ መለዋወጫው የሚታዘዘው እንደ ባለ 185 ሺህ ዶላር መኪና ነው። ለዚህ ጎማው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ባትሪው ከባድ በመሆኑ ታይካን ተርቦ ኤስ ክብደቱ 2 ሺህ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። ክብደቱና በቅጽበት የሚመጣው ጉልበት ተደምረው ጎማን ቶሎ ይበላሉ። የፊትና የኋላ ጎማው መጠን የተለያየ በሆነ መኪና ደግሞ እኩል እንዲያልቁ ቦታ ማቀያየር ስለማይቻል የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ።

የፍሬን ሸራና ዲስክ መኪናው ሲቀንስ ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ በመጠኑ ይቆጠባሉ። ይሁንና ታይካን ተርቦ ኤስ የተገጠመለት የሴራሚክ ዲስክ መቀየር ካስፈለገው ወጪው ከተራው የብረት ዲስክ በእጅጉ ይበልጣል። መኪናውን በአየር ግፊት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሥርዓትም ሲያረጅ አየር ሊያፈስ ስለሚችል፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር በአንድ ጎኑ ዝቅ አለማለቱን ማየት ይጠቅማል። የመድን ክፍያውንም ከግዢው በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የአከራይ ድርጅቱን ያማረረው የግጭት ጥገና ወጪ የመድን ድርጅቶችም ስሌት ውስጥ የሚገባ ነው።

የመኪናው ታሪክ በሻንሲ ቁጥሩ ይጣራል

እያንዳንዱ መኪና 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻንሲ ቁጥር አለው። በአሜሪካ የብሔራዊ አውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ይህን ቁጥር ተቀብሎ መኪናው በአምራቹ ለነፃ እርማት ተጠርቶ ገና ያልተፈጸመለት ጉድለት ካለ ያለ ክፍያ ያሳውቃል። ፖርሽ እ.ኤ.አ በ2024 የፊት ፍሬን ዘይት ማስተላለፊያ ቱቦ ሊሰነጠቅ ይችላል በሚል እስከዚያ ድረስ የተመረቱትን ታይካኖች በዓለም ዙሪያ መጥራቱ ይታወሳል። በዚያው ዓመት በባትሪው ውስጥ አጭር ዑደት ተፈጥሮ እሳት ሊያስነሳ ይችላል በሚል ሌላ ጥሪ ያቀረበ ሲሆን፣ ባለቤቶች እርማቱ እስኪፈጸም ድረስ ባትሪውን ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ አሳስቧል። ቴስላም እ.ኤ.አ በ2021 ከ134 ሺህ በላይ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን የማዕከላዊ መስታወታቸው የማስታወሻ ቋት በማለቁ ምክንያት ጠርቷል። እርማቱ የተፈጸመለት መኪና መግዛት ችግር የለውም፤ ችግሩ ያልተፈጸመለትን ሳያውቁ መግዛት ነው።

ከዚህ ይበልጥ አደገኛው በጎርፍ ወይም በከባድ ግጭት የተጎዳ መኪና ነው። እ.ኤ.አ በ2022 ኢያን የተባለው ማዕበል ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ በጨዋማ የባሕር ውኃ የተዋጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውኃው ከጎደለ ቀናትና ሳምንታት በኋላ በእሳት መያያዛቸው ተመዝግቧል። የመድን ድርጅት ከጥቅም ውጭ ሆነዋል ብሎ የሰረዛቸው መኪኖች በጨረታ ተሸጠው፣ ተጠግነውና ተወልውለው ወደ ሌሎች አገሮች ሊላኩ ይችላሉ። አምራቹ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ዋስትና የማይሰጥ ሲሆን፣ ቴስላ ደግሞ የራሱን ፈጣን መሙያ ጣቢያዎች እንዳይጠቀሙ ሊዘጋባቸው ይችላል። ከገበያው ዋጋ በጣም የወረደ ዋጋ ሲቀርብ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው ይኸው ነው።

የቀድሞው ባለቤት በክፍያ ያስከፈታቸው የሶፍትዌር አገልግሎቶች ወደ አዲሱ ባለቤት መተላለፋቸውና መኪናው ከቀድሞው ባለቤት የስልክ መተግበሪያ መለያየቱም በርክክቡ ዕለት መረጋገጥ አለበት። ይህ ካልተፈጸመ መኪናውን ከርቀት የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

መኪናው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ከላይ በተጠቀሱት ላይ የሚጨምራቸው ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው የመሙያ ሶኬቱ ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተመረቱ መኪኖች ጂቢ ቲ የተባለውን፣ የአውሮፓዎቹ ሲሲኤስ 2ን፣ የአሜሪካዎቹ ደግሞ ሲሲኤስ 1 ወይም የቴስላን ሶኬት ይጠቀማሉ። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የቻይና ምርት ናቸው። በመሆኑም የአሜሪካ ሶኬት ያለውን መኪና የሚያስመጣ ሰው በአቅራቢያው ካሉት መሙያዎች የትኛው እንደሚሆነው፣ በማገናኛም ከሆነ ማገናኛው ለፈጣን መሙያ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል። ታይካን በ800 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ፣ ቀደም ያሉት ሞዴሎች በ400 ቮልት መሙያ ላይ ሲገጠሙ ተጨማሪው መሣሪያ ከሌላቸው ፍጥነታቸው በ50 ኪሎ ዋት የተገደበ ነው።

ሁለተኛው በቤት ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ አቅም ነው። 83.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት፣ በ220 ቮልትና በ16 አምፔር መስመር 24 ሰዓት ያህል፣ አቅሙ በእጥፍ በሆነ መስመር ደግሞ 12 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለሆነም ከመኪናው ግዢ በፊት የቤቱን መስመርና ቆጣሪ በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የመኪናው ከፍታ ነው። እነዚህ መኪኖች ለፈጣን አውራ ጎዳና የተሠሩ በመሆናቸው ከመሬት ያላቸው ከፍታ አነስተኛ ሲሆን፣ ባትሪያቸውም ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ነው። በፍጥነት መቀነሻ ጉብታና በተጎዳ መንገድ ላይ ሆዱ የሚፈገፍግ መኪና የሚጎዳው እጅግ ውዱ ክፍሉ ነው። ሲገዛም መኪናው ወደ ላይ ተሰቅሎ የባትሪው መሸፈኛ ከታች መታየት አለበት።

በአንጻሩ የአዲስ አበባ ከፍታ ለኤሌክትሪክ መኪና ችግር አይሆንም። የነዳጅ ሞተር አየር በሳሳበት ደጋ ጉልበቱ ሲቀንስ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ጉልበቱ አይጎድልም። ቁልቁለት ላይም ከሚባክነው ኃይል የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

አራተኛውና ምናልባትም ዋነኛው ጠጋኙ ማን ነው የሚለው ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ባትሪ መክፈት ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ጉድለቱን ለማንበብና ሶፍትዌሩን ለማደስም የአምራቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመኪናው አምራች ወኪል በአገር ውስጥ ከሌለ ዋስትናው በወረቀት ላይ ቢኖርም የሚፈጸምበት ቦታ አይኖርም። ይህ በተለይ በመሥሪያ ቤት ደረጃ ግዢ የሚፈጽሙ ኃላፊዎች ሊያጤኑት የሚገባ ነው፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የባትሪ ምርመራ ውጤት፣ ቀሪ የዋስትና ጊዜ፣ የመሙያ ሶኬት ዓይነትና በአገር ውስጥ የሚሰጥ የጥገና አገልግሎት በግልጽ መጠየቅ አለባቸው።

በጥቅሉ የዋጋው መውረድ ለአስተዋይ ገዢ እውነተኛ ዕድል ነው። ባትሪው የተመረመረ፣ ዋስትናው በቂ ቀሪ ዘመን ያለው፣ የተጠራበት ጉድለት የታረመለትና ጠጋኝ ያለው መኪና በግማሽ ዋጋ ከተገኘ ቅናሹ ቅናሽ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ግን ሻጩ ያተረፈው ቅናሽ እንጂ ገዢው ያተረፈው አይሆንም። ገዢው በግዢው ዕለት ከሚከፍለው ገንዘብ ጎን ለጎን ለጎማ፣ ለመድንና ላልታሰበ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ የማይችል ከሆነ፣ ጉልበቱ አነስ ያለ፣ መለዋወጫውም በቅርብ የሚገኝ የኤሌክትሪክ መኪና ቢመርጥ ይሻለዋል።